የሃንያ ጭምብል፣ ሁለተኛ ሙከራ፦ ቁጣው ወጣ፣ ሀዘኑ ቀረ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው የጃፓን ጭምብል ልሠራ ነው ብዬ ፎክሬ ነበር። ይኸው ሁለተኛውም ተበላሸ።

የምሠራው ሃንያ የሚባለውን ነው። ሁለት ሹል ቀንድ፣ የወርቅ ዓይን፣ እስከ ጉንጭ የተቀደደ አፍ፣ ክራንቻ። ንቅሳት ላይ ሳታዩት አትቀሩም። እኔ ዝም ብሎ ጋኔን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሴት ናት። ኖ በሚባለው የጃፓን ጥንታዊ የጭምብል ቲያትር ቅናት ጋኔን ያደረጋት ሴት።

ጃፓኖቹ ሂኖኪ ከሚባል የጥድ ዘመድ እንጨት ይፈለፍሉትና የኦይስተር ዛጎል ዱቄት ከእንስሳት ሙጫ ጋር ለውሰው ደጋግመው ይቀቡታል። እኔ ግን ጋዜጣና የዱቄት ሙጫ ነው ያለኝ። ቀንዱን ሳይደርቅ ስለለጠፍኩት ሌሊት ወለል ላይ ወድቆ አደረ፣ እሱስ ይሁን። ዋናው ጥፋቴ ቅንድቡ ነው። የተናደደ ሰው ነው ብዬ ወደ አፍንጫው ቁልቁል ሰበሰብኩት። የእውነተኛዎቹን ፎቶ ደጋግሜ ሳይ ነው የገባኝ፦ ከአፍንጫ በታች ያለው ቁጣ ነው፣ ከላይ ያለው ግን ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ግንባር ነው። ተዋናዩ ቀጥ ብሎ ሲያይ ታስፈራለች፤ አንገቱን ትንሽ ሲደፋ ግን ጥላ ዓይኗ ላይ ይወድቅና ሀዘንተኛ ትሆናለች። ይቺን ጎንበስ ማለት ኩሞራሱ ይሏታል፣ ዳመና ማልበስ እንደማለት። የኔን በሞባይል መብራት ሥር ደፋ ቀና ባደርገው፣ ያው ቁጡ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «በስመ አብ! ይሄን ምን ብለህ ነው ቤት ያስገባኸው?» አለችኝ።

የምሠራት ሴት ማን እንደሆነች ሳላውቅ ነው የጀመርኩት፣ ስለዚህ ታሪኩን ፈለግኩ። ሮኩጆ የምትባል ትልቅ እመቤት ናት። ሙራሳኪ ሺኪቡ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጻፈችው የገንጂ ታሪክ ነው የመጣችው። ፍቅረኛዋ ልዑል ገንጂ ችላ አላት፤ በበዓል ቀን ደግሞ የሚስቱ የአዮይ አሽከሮች ሠረገላዋን ገፍተው ሰው ፊት አዋረዷት። ከዚያ መንፈሷ፣ እሷ ራሷ በሕይወት እያለች፣ ከሰውነቷ እየወጣ ነፍሰ ጡሯን አዮይን ያጠቃል። «አዮይ ኖ ዌ» በሚባለው የኖ ድራማ አዮይን የሚጫወት ሰው የለም። መድረኩ ፊት አንድ የታጠፈ ኪሞኖ ይነጠፋል፣ በሽተኛዋ እሱ ነው። ይሄን ሳነብ ጭምብሉን ትቼ ቁጭ አልኩ።

ስሙ ራሱ ጉድ ነው። ሃንያ ከሳንስክሪት የመጣ የቡድሂዝም ቃል ሲሆን ጥበብ ማለት ነው። አንዳንዱ ሃንያቦ ከሚባል ጠራቢ መነኩሴ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ በዚሁ ድራማ መንፈሷ ጸሎቱን ስትሰማ የሃንያ ድምፅ አስፈሪ ነው እያለች ስለምትሸሽ ነው ይላል።

ቀለሙንም ተሳስቼ ነበር። ቀይ ልቀባት ነበር፤ ጋኔን ቀይ ነው ብዬ። ነጩ እንደ ሮኩጆ ላሉ የጨዋ ልጆች ነው፣ ቀዩ «ዶጆጂ» በሚባል ሌላ የኖ ድራማ ላይ ደወል ውስጥ ለምትገባዋ ሴት። ደረጃም አለው፦ ናማናሪ ገና ቀንዷ ብቅ ያለ፣ ሃንያ መካከለኛ፣ ጃ የሚባለው ለይቶለት እባብ የሆነ። ጃ ጆሮ የለውም፣ ከእንግዲህ ማንንም ስለማይሰማ ነው ይሉታል።

ሁሉም ጋኔን ግን እንዲህ ከባድ አይደለም። ሴትሱቡን የሚባለው ቀን፣ በአብዛኛው ፌብሩዋሪ 3፣ ጃፓን ውስጥ አባትየው የኦኒ፣ ማለትም የጋኔን፣ ጭምብል ያጠልቅና ልጆቹ «ኦኒ ውጣ፣ በረከት ግባ» እያሉ የተቆላ አኩሪ አተር ይወረውሩበታል። ለጀማሪ እሱ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ።

አሁን ግንባሩን ቆርጬ አውጥቻለሁ። ቀንዱን በሽቦ አስራለሁ። ለነጩ መደብ ጄሶ አስቤ ነበር፣ ጋዜጣ ላይ ይሰነጠቃል የሚሉኝ አሉ። የሞከረ ካለ ሳልቀባው ይንገረኝ።