ቶንዶስ የያዘ የታይሰን ደጋፊ

"ሙሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን በቦክስ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?" የሚለውን ጥያቄ የትም አንሱት፤ ቶንዶስ የያዘ ሰው ፊት ግን አደራ።

ፀጉር አስተካካዬ የታይሰን ነው። ማስረጃው ደግሞ ቦክሰኛው ትሬቨር በርቢክ፦ በርቢክ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሃማስ፣ ናሳው ላይ አሊን በነጥብ አሸነፈ፤ በ1986 ታይሰን ያንኑ በርቢክን በ2ኛው ዙር ዘረረው። "አለቀ ደቀቀ!"

ምኑ አለቀ? ናሳው ላይ የተሸነፈው አሊ 39 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም ሪንግ አልገባም። መጀመሪያ የየትኛው ዓመት ቦክሰኛ እንደሚገባ ይቆረጥ። እኔ የማስገባው የ1966ቱን አሊ ነው፣ ሂዩስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በ3ኛው ዙር የጨረሰውን። ከወዲያ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የዘረረው የ1988ቱ ታይሰን ይምጣ።

ቀጥሎ ክንድ ይለካል፦ አሊ 198 ሴንቲ ሜትር፣ ታይሰን 180 ገደማ። ታይሰን ይህን የሚያልፈው ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ ለጥፎ፣ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ከጃቡ፣ ማለትም በፊተኛው እጅ በቀጥታ ከሚሰነዘረው ቡጢ፣ ስር በመግባት ነው። ከገባ በኋላ ቀኙን ጎድን ላይ ያሳርፋል፤ ያንኑ ቀኝ ሳይመልስ ከስር ወደ አገጭ።

አስተካካዬ ይህችን በተግባር አሳየኝ። ችግሩ፣ ጠርዝ ለማውጣት የቶንዶሱን ፕላስቲክ አውልቆት ነበር። ጎድኑ ተረፈ፤ ከስር የመጣው ግን ከጆሮዬ በላይ ሁለት ጣት የሚያህል አስፋልት አነጠፈ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ ይስተካከላል" አለና ወደ ክርክሩ ተመለሰ።

እኔም አልለቀቅኩትም። በስተር ዳግላስ በ1990 ቶኪዮ ላይ ታይሰንን ምን አደረገው? ሲርቅ ጃብ፣ ሲጠጋ ማቀፍ፣ በ10ኛው ዙር ዝረራ። አሊ ደግሞ የተጠጋውን አንገቱን ይዞ መጫን ያውቅበታል። 4 ዙር ካለፈ የአሊ ነው፤ በድሮው 15 ዙር ከሆነማ ወሬም የለው።

ወረፋ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አጠፉ። "ማርሲያኖን የት ጣላችሁት? 49 ገጥሞ 49 ያሸነፈውን?"

"ጋሼ፣ እሱ 85 ኪሎ ገደማ ነው፤ በዛሬው ሚዛን ክሩዘር እንጂ ከባድ ሚዛን አይባልም።"

"ኮምፒውተር ፈርዶለታል!"

እውነት ነው። በ1969 አሊና ማርሲያኖን ካሜራ ፊት አፋልመው ውጤቱን ለኮምፒውተር ሰጡት፤ በ1970 ፊልሙ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ዘረረ ተባለ። ማርሲያኖ ግን ጡረታ ከወጣ ቆይቶ ፀጉሩም ሳስቶ ስለነበር ለቀረጻው ዊግ አጥልቆ ነው የገባው።

"ዊግ" የምትለዋን ቃል ስናገር አስተካካዬ በመስታወቱ አስፋልቱን አየ።

"እሱን እንኳ እኛ ጋ አታገኝም" አለኝ።