ጭጋጉ ታች ነው፣ እኛ ላይ ነን

ከአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ ክሩዝ፣ ማለት የመዝናኛ መርከብ ጉዞ፣ ነበር የያዝነው፣ እናቴና እኔ። ፕሮግሬሶና ኮዙሜል በሚባሉ ሁለት የሜክሲኮ ወደቦች ይቆማል ተብሏል። ወሩ ጥር ነው። መነሻው ከቀኑ አሥር ሰዓት። ጠዋት ገና ቁርስ ላይ እያለን ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ ከመርከቡ ድርጅት ነው። በወንዙ ላይ ባለው ጭጋግ ምክንያት መርከቧ ዘግይታለችና ሌላ መልእክት እስክንልክላችሁ ድረስ ወደ ወደቡ አትምጡ ይላል።

እናቴ በሆቴሉ መስኮት ወደ ውጭ አየች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

«የምን ጭጋግ ነው የሚያወሩት?» አለችኝ። «ውሸታቸውን ነው ልጄ። አንድ ነገር ተበላሽቶባቸው ነው።»

እንደ እሷ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በኋላ ወደቡ ስንደርስ ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ እያየ ነበር የሚያጉረመርመው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ኒው ኦርሊንስ የባሕር ዳርቻ ከተማ አይደለችም። የወንዝ ከተማ ናት። ከመርከብ ማረፊያው እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ድረስ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለ። ለትልቅ መርከብ ይሄ የስምንት ሰዓት ገደማ ጉዞ ነው። እኛን የምትወስደው መርከብ ደግሞ መጀመሪያ ያለፈውን ሳምንት ተሳፋሪ ይዛ በዚያው መንገድ ወደ ላይ መውጣት አለባት። ስለዚህ የእኛን መነሻ የሚወስነው ከተማው ላይ ያለው የቀን አየር ሳይሆን ታች አፉ ላይ ያደረው የሌሊት አየር ነው።

ጭጋጉ ከየት ይመጣል? ሚሲሲፒ ከሰሜን፣ ከሚኒሶታ ተነስቶ ከ3,700 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈሳል። በክረምት ይዞት የሚወርደው ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከባሕረ ሰላጤው በኩል የሚነፍሰው አየር ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ነው። ያ እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ውሃ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ጭጋግ ይሆናል። ቦታው ላይ ያለ ሰው ዓይኑን ቢወጉት አያይም። ከተማው ውስጥ ግን ምንም ላይኖር ይችላል። ችግሩ ከታኅሣሥ አካባቢ ጀምሮ እስከ ፀደይ መግቢያ ድረስ ይዘልቃል፤ ምክንያቱም አየሩ ቶሎ ሲሞቅ ወንዙ ቶሎ አይሞቅም።

ይሄን ሁሉ ያስረዳን ተርሚናሉ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በዚሁ ወንዝ ላይ ባርጅ፣ ማለት ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ፣ በሚገፉ ጀልባዎች ይሠራ ነበር። እሱ ብቻ ነበር ከመላው አዳራሽ ያልተናደደው። ስልኩን አውጥቶ የመርከቦችን ቦታ የሚያሳይ አፕ ከፈተልን። ካርታው ላይ የወንዙ መጨረሻ እንደ ወፍ እግር ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል። ከሦስቱ ትልልቅ መርከቦች የሚገቡበት በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ሳውዝዌስት ፓስ የሚባለው ነው። እዚያ መግቢያ ላይ፣ ባሕሩ ውስጥ፣ ትንንሽ ምልክቶች ተኮልኩለዋል። ሁሉም ቆመዋል። አንደኛዋን በጣቱ ነካት። የእኛ መርከብ ስም ወጣ። ፍጥነት፦ ዜሮ።

«ይኸውላችሁ» አለ። «ሌሊቱን እዚያ ነው ያደረችው።»

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አየች። ከዚያ በኋላ ስለ ውሸት አላነሳችም። ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ «ራዳር የላቸውም እንዴ? አውሮፕላን እንኳ በደመና ውስጥ ይሄዳል።»

እኔም ይሄው ጥያቄ ነበረኝ። ሰውዬው ሳቀ። ራዳር አለ፣ ያያል። ግን የሳውዝዌስት ፓስ የመርከብ መተላለፊያ ስፋቱ 230 ሜትር ገደማ ነው። የክሩዝ መርከብ ርዝመት ደግሞ ወደ 300 ሜትር ይጠጋል። ማለት፣ አንዴ ከገባህ መዞር የለም። ውሃው ይገፋሃል፣ ንፋሱ ይገፋሃል፣ ከፊት ለፊትህ ጭነት የያዘ መርከብ ይመጣል። እሱም እንዳንተው ነው፣ ቶሎ መቆም አይችልም። ራዳሩ ሁሉን ነገር እያሳየህ ምንም ማድረግ የማትችልበት ቦታ ነው።

ደግሞ ውሳኔው የካፒቴኑ ብቻ አይደለም። ይሄ ለእኔ አዲስ ነበር። በዚህ ወንዝ ላይ መርከቧን የሚያሳልፏት የአካባቢው ፓይለቶች፣ ማለት ወንዙን አብጠርጥረው የሚያውቁ መርከብ መሪዎች፣ ናቸው። አንደኛው ቡድን ከባሕሩ እስከ ፓይለታውን ድረስ ይሠራል። ፓይለታውን ወንዙ ሊሰነጠቅ ሲል ዳር ላይ ያለች፣ በጀልባ ካልሆነ የማይደረስባት ትንሽ መንደር ናት። ሌላው ቡድን ከእዚያ እስከ ኒው ኦርሊንስ ይዞ ይሄዳል። ወንዙ ከዓመት ዓመት አሸዋውን ያዛውራል። ዛሬ ጥልቅ የነበረው ከጥቂት ወራት በኋላ ጥልቅ ላይሆን ይችላል። ያንን የሚያውቁት በየቀኑ የሚመላለሱበት ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱ «አይታይም፣ አንንቀሳቀስም» ካሉ አለቀ። ካፒቴኑም፣ ድርጅቱም፣ አዳራሹ ውስጥ የሚጮኸው ሰውዬም ምንም አያመጡም።

የሚጮኽ ሰውዬ ነበር በእርግጥ። ሁሌም አንድ አይጠፋም።

ቀኑ እየሄደ ሲመጣ ያቺ ምልክት ካርታው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረች። አዳራሹ ውስጥ ወሬው ቶሎ ተዛመተ። ሰው የሽማግሌውን ስልክ ለማየት ይሰለፍ ጀመር። ዘና ያልነው ግን በከንቱ ነው። ወደ ላይ ስትመጣ ከውሃው ጋር እየተጋፋች ስለሆነ ፍጥነቷ አይጨምርም። በዚያ ላይ ሌሊቱን የቆሙት መርከቦች ሁሉ አንድ ላይ ነው የተነሱት። ፓይለት ለሁሉም በአንዴ አይዳረስም። ጭጋግ ለስድስት ሰዓት ቢዘጋ መዘግየቱ ስድስት ሰዓት ብቻ ይመስለናል፤ ሰልፉ ግን ጭጋጉ ከጠፋ በኋላም ይቀጥላል።

መርከቧ ስትደርስ ጨልሟል። ከመስታወቱ ጀርባ ቆመን አየናት። ገመድ የሚቀበሉት ሠራተኞች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ዳር ላይ ይጠብቃሉ። ከመርከቧ መጀመሪያ ቀጭን ገመድ ይወረወራል። እሱን ሲጎትቱት ጫፉ ላይ የታሰረው የክንድ ውፍረት ያለው ወፍራም ገመድ ከውሃው ውስጥ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ሦስት ሰው ተረዳድቶ ነው ብረቱ ላይ የሚያጠልቀው። ከላይ ማሽኑ ይጠመዝዘዋል። ገመዱ ሲወጠር ውሃው እንደ ጭስ ብን ይላል።

ከዚያ ተሳፋሪው ወረደ። ምስኪኖች! እኛ የዘገየን መስሎን ነበር፤ በረራ ያመለጣቸው እነሱ ናቸው። ሻንጣ እየጎተቱ የሚሮጡ፣ ስልክ ላይ ከአየር መንገድ ጋር የሚጨቃጨቁ፣ ሕፃን ታቅፈው ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ። እናቴ «እግዜር ያውጣቸው» አለች፣ ለራሷ ቃል እንደምትገባ ዓይነት። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ «የእኛ የመመለሻ በረራ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ማታ ነው እማዬ። አትጨነቂ።»

ሰው ከወረደ በኋላም መሳፈር የለም። ክፍሎች ይጸዳሉ፣ አንሶላ ይቀየራል፣ ምግብና ነዳጅ ይጫናል፣ የጉምሩክ ጣጣ አለ። በደህና ቀን ይሄ ከጠዋት እስከ ከሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው። ያን ዕለት በሌሊት በጥድፊያ ተሠራ። ስንገባ ፈገግ ብለው የተቀበሉን ልጆች ዓይናቸው ቀልቷል። የተናደደው ተሳፋሪ ሁሉ የሚያፈጠው ደግሞ እነሱ ላይ ነው። ይሄ ትንሽ አናደደኝ። ጭጋጉን ያመጣው ሻንጣ ተሸካሚው ይመስል!

የተነሳነው ሌሊት ነው። እስክንነሳ ድረስ ጎረምሶቹ ካዚኖው ለምን ተዘጋ ብለው ይነጫነጩ ነበር። መርከቧ ወደቡ ላይ ታስራ እያለች አይከፈትም። እኔና እናቴ ላይኛው ወለል ላይ ወጣን። መርከቧ በጎኗ ተገፍታ ከዳሩ ራቀች። ሁለቱን ባለመብራት ድልድዮች ወደ ኋላ ትተናል። ከእነሱ በኋላ እስከ ባሕሩ ድረስ በዚህ ወንዝ ላይ ሌላ ድልድይ የለም። በግራ የፈረንሳዮቹ አሮጌ ሰፈር አለፈ። ከዚያ መርከቧ በቀኝ በኩል ወደ አልጂርስ ፖይንት መታጠፍ ጀመረች።

ይሄ መታጠፊያ ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። ወንዙ በጣም ከሚጠልቅባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፣ ወደ 60 ሜትር ገደማ። መታጠፊያው ከባድ ነው፣ ውሃው ይሽከረከራል። ውሃ ሲሞላ፣ በተለይ በፀደይ፣ እዚህ ለመርከብ የትራፊክ መብራት ይሠራል። የእውነት ቀይና አረንጓዴ መብራት! ከተማው ላይ ያለው የውሃ መለኪያ 8 ጫማ ሲደርስ መብራቱ ሥራ ይጀምራል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱት እዚያ ጥምዝ ላይ እንዳይገናኙ ይቆጣጠራል። እና መዘግየት የሚያመጣው ጭጋግ ብቻ አይደለም። የሞላ ውሃም አለ። አደጋም አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 እዚሁ ከተማ አጠገብ አንድ ታንከር (ፈሳሽ የሚጭን መርከብ) እና አንድ ነዳጅ የጫነ ባርጅ ተጋጭተው ወደ አንድ ሚሊዮን ሊትር የሚሆን ነዳጅ ወንዙ ላይ ፈሰሰ። ወንዙ ለቀናት ተዘጋ። ባሕር ላይ ቢሆን ዞረህ ታልፋለህ። ወንዝ ላይ መዞሪያ የለም።

ከቻልሜት የነዳጅ ማጣሪያ መብራቶች በኋላ ጨለማው በረታ። ወደ ክፍላችን ገብተን ተኛን። ግን ብዙም አልቆየም፤ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ጠየቀ። ታች ጭጋጉ ተመልሷል፣ መልህቅ ጥለን እንጠብቃለን አለ። ትንሽ ቆይቶ ደወል ይሰማ ጀመር። ለጥቂት ሴኮንድ ቶሎ ቶሎ ይደወላል፣ ከዚያ ዝም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና። ከኋላ በኩል ደግሞ ወፈር ያለ ሌላ ድምፅ ይመልስለታል።

እናቴ ቀና አለች። «የምን ደወል ነው? ቅዳሴ አለ እንዴ?»

ሕጉ ነው። በጭጋግ ውስጥ መልህቅ የጣለች መርከብ በየደቂቃው ለአምስት ሴኮንድ ያህል ደወል መደወል አለባት። ርዝመቷ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከኋላ ደግሞ ጎንግ የሚባል ክብ የብረት ሳህን ይመታል። ስማኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ርዝመቴም ይሄን ያህላል እንደማለት ነው። እየተንቀሳቀሰች ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በየሁለት ደቂቃው ረዥም ጥሩምባ ትነፋለች። በረንዳው ላይ ወጣሁ። የእጅ መደገፊያው ብረት ረጥቧል። ከእሱ ወዲያ ምንም የለም። ነጭ ብቻ። ከሩቅ የሌላ መርከብ ደወል ይሰማል። የት እንዳለች ግን ጆሮ አይለየውም። ለራዳሩ ያነሳነውን ጥያቄ ያን ጊዜ ነው ጨርሼ የተውኩት።

ነግቶ ብዙ ከቆየን በኋላ ተንቀሳቀስን። ፓይለታውን ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ መጥታ ከመርከቧ ጎን ተለጠፈች። አንዱ ፓይለት ወረደ፣ ሌላው ወጣ። መርከቧም ጀልባዋም እየሄዱ ነው፣ ማንም አልቆመም። እንቅልፍ ያጣው ሁሉ አጨበጨበ። ሳውዝዌስት ፓስን ጨርሰን ስንወጣ ቡናማው ውሃና የባሕሩ አረንጓዴ ጎን ለጎን፣ በመስመር የተከፈሉ መስለው ታዩ።

ከዚያ የተፈራው ማስታወቂያ መጣ። ፕሮግሬሶ ተሰርዟል። የምንሄደው ኮዙሜል ብቻ ነው። የባከነውን ሰዓት በፍጥነት ማካካስ አይቻልም፤ መርከቧ በነዳጅና በሞተር የተወሰነ ፍጥነት አላት። ሁለቱም ለምን አልተሰረዙም፣ ባሕር ላይ ዝም ብለን ለምን አንንሳፈፍም ያለ ሰው ነበር። ያም አይቻልም። የአሜሪካ ደንብ አለ። የውጭ አገር ባንዲራ የያዘች፣ ማለት በውጭ አገር የተመዘገበች፣ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተሳፋሪ ጭና እዚያው የምትመልስ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለባት። አብዛኞቹ ትልልቅ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ ባንዲራቸው የባሃማስ ወይም የፓናማ ወይም የመሳሰለ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ወደቦች አንዱ ጋ ግድ መድረስ ነበረብን።

ካሳን በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ። ለተሰረዘው ወደብ የተከፈለው የወደብ ክፍያና ታክስ ወደ ሒሳባችን ተመለሰ። በቃ። ትኬቱ ላይ ያለው ውል ድርጅቱ መንገዱን እንዲቀይር ይፈቅድለታል። ከአሜሪካ ወደቦች ለሚነሱ ጉዞዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ደንብ አለ፤ መነሻው ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከዘገየ ተሳፋሪው ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። አንድ ሌሊት ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። እኔ በበኩሌ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ግማሽ ጉዞ ሸጠው ሙሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። ግን ይሄ የጭጋጉ ሳይሆን የውሉ ጥፋት ነው።

ከወንዝ ወደብ፣ ያውም በክረምት፣ መሳፈር ያሰበ ሰው ከጠየቀኝ የምለው ይሄን ነው። ከአንድ ቀን በፊት ከተማው ግባ። መርከቧ የት እንዳለች በአፑ ራስህ አረጋግጥ፣ መልእክት አትጠብቅ። መድኃኒትህንና የምትቀይረውን ልብስ በእጅ ሻንጣህ ያዝ፣ ትልቁን ሻንጣ አንዴ ካስረከብክ ማታ ድረስ አታገኘውም። ለአንዲት ወደብ ብለህ ብቻ ትኬት አትግዛ። ስትመለስ ደግሞ የጠዋት በረራ አትያዝ፣ ርካሽ ቢሆንም።

እኛ ስንመለስ ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም። መርከቧ በሰዓቷ ጠዋት ገባች። የማታውን በረራ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ቁጭ ብለን ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። እናቴ ወንበሩ ላይ እግሯን ዘርግታ «ቀደም ያለ የለም ወይ ብለህ ጠይቅልኝ እስቲ» አለችኝ። ሄጄ ጠየቅኩ። ሞልቷል አሉኝ።