ሐሙስን አልወደውም

ሰኞ ጀግና ነኝ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣን መስቀለኛ ቃላት፣ ያንን አግድምና ቁልቁል የሚሞላ የቃላት እንቆቅልሽ፣ ቡናዬ ሳይበርድ እጨርሳለሁ። ማክሰኞም እንደዚያው። እስከ ቅዳሜ ግን እየከበደ ነው የሚሄደው፤ ጉዱ ያለው ሐሙስ ላይ ነው። ሐሙስ ላይ አንዳንዴ አንድ ፊደል ብቻ በሚገባበት ሳጥን ውስጥ ሦስት አራት ፊደል ያጭቁበታል፤ እኔ ደግሞ ይሄን እያወቅሁ ዛሬም መልሱ አልገባ ብሎኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ፣ ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁና ሲገባኝ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ። ቅዳሜን ደግሞ ጭራሽ አታንሱብኝ።

የሀገር ቤት ነገር ሲመጣ ግን ደስ ይለኛል። የእንጀራ እህል ካሉ ጤፍ ነው። የኢትዮጵያ ገንዘብ፣ ብር። የኦፔራዋ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ካሉማ ሳላስብ አይዳ! በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሦስቱም አራት አራት ፊደል ናቸው፤ ለአዘጋጅ የሚመች ነገር።

ባለፈው እኔው ራሴ በአማርኛ አንድ መስቀለኛ ቃላት ላዘጋጅ ሞከርኩ። ጤፍ ሁለት ሳጥን ብቻ ሆና ቀረች። በዚያ ላይ የእኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ አግድም "ቡና" ብዬ ከጻፍኩ ቁልቁል የሚያቋርጠው ቃል "ና" እንጂ "ን" ወይም "ኔ" አይሆነውም። አንድ ሰዓት ተቀምጬ ሳፈጥ ባለቤቴ አየችኝና "ምን ያስጨንቅሃል፣ ገና በለው" አለችኝ።

ገባ።