የአጎቴ ቮልስ ለቅሶ

አጎቴ ሴት ልጁን በጥር ይድራል። ሙሽራዋ የምትሄደው በአባቷ ቮልስ ነው። ይህን የወሰነው አጎቴ ነው፤ ሙሽራዋ ገና አልተጠየቀችም።

ቮልሷን ታውቋታላችሁ። ጀርባዋ የጎበጠው፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነው። ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በፈረንጅ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው ከፋብሪካ የወጣችው። አጎቴ ግን "እንደኔዋ ያለች ጎንደር ውስጥ የለችም" ባይ ነው። እውነቱን ነው። እንደሷ የዛገች የለችም።

"አዲስ ቀለም ብቻ ነው የጎደላት፤ አንተም እየመጣህ ታግዛለህ" አለኝ።

ቀቢው መጥቶ አንድ ዙር ዞራትና፣ "ጋሼ፣ መቀባቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማዘጋጀቱ ነው ወር የሚፈጀው" አለ። አጎቴ የሰማው እስከ "አንድ ቀን" ያለውን ብቻ ነው።

መፍታት ጀመርን። ፓራውልት፣ መብራት፣ መስታወት፣ ጎሚኒ። የቮልስ ፓራፋንጎ (የጎማው መሸፈኛ) በብሎን የታሰረ ስለሆነ አራቱም ይወልቃሉ። ይወልቃሉ የሚባለው ግን ብሎኑ ካልዛገ ነው። ነጭ ጋዝ እያጠጣን አሳደርናቸው። የተፈታውን ብሎን በየፌስታሉ አድርጌ ከየት እንደወጣ ጻፍኩበት። በማግስቱ "የቀኝ በር" የሚለውን ፌስታል ስከፍት ሽሮ አገኘሁ። እትዬ፣ የአጎቴ ሚስት፣ ደህና ፌስታል ስታይ አታልፍም።

ከዚያ እጥበት። ቀቢው እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ቅባቱና ሰሙ ሳይለቅ ከተፈገፈገ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ራሱ ቅባቱን ብረቱ ላይ ያሸዋል። ኋላ አዲሱ ቀለም እዚያ ቦታ ላይ አልይዝም ይላል፤ ክብ ክብ ቀዳዳ እየሠራ ይሸሻል። አጠብናት፣ አደረቅናት፣ በ80 ቁጥር ወረቀት ተያያዝነው።

ነጩ ሲለቅ ከስሩ ሰማያዊ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ "ከፋብሪካ ነጭ ሆና ወጣች፣ አንድም ቀን ተጋጭታ አታውቅም" ሲል ነው የኖረው። እትዬ ቡና ይዛ ስትመጣ ሰማያዊውን አየችና ረከቦቱን አስቀመጠች።

"እኔን ሊያጭ ሲመጣ ሰማያዊ ነበረች አላልኩም? ሰላሳ ዓመት ሙሉ 'ተምታቶብሽ ነው' ይለኛል!"

"ፀሐይ ነው ያነጣት" አለ አጎቴ።

ቀቢው የሽማግሌ ወግ አልገባውም መሰለኝ፣ ከኪሱ ማግኔት አወጣ። ግራ በር ላይ ሲያስጠጋው ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። ቀኝ በር ላይ መሬት ወደቀ። እንደገና ቢሞክር እንደገና ወደቀ። በሩ ወፍራም ስቱኮ ነው። ማግኔት ደግሞ ብረት እንጂ ስቱኮ አይዝም።

"ይሄ በር እኮ ቤት ነው፤ ተለስኗል" አለ ቀቢው።

እትዬ አጎቴን አየችው። አጎቴ ስኒውን አየ። በየት በኩል ምን እንደገጨ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

ቦዲው ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ። ቮልስ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ስር ስለሆነ የባትሪው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። የኛን ወለል በልቶ ጨርሶታል። የሆነ ደግ ሰው በምግብ ዘይት ቆርቆሮ ጥፎታል፤ "ከፀሐይ ያርቁ" የሚለው ጽሑፍ ገና ይነበባል። ስለዚህ ሻንሲው፣ ማለትም ወለሉ ከነሞተሩና ከነጎማው፣ ብየዳ ይሂድ ተባለ። በያጁ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

"አይሱዙ እንከራይ" አልኩ።

"ሞተር አለው፣ ጎማ አለው፣ ፍሬን አለው። ለምኑ ነው አይሱዙ?" አለ አጎቴ።

እውነቱን ለመናገር የቮልስ ሻንሲ ያለ ቦዲው ይሄዳል። ፔዳሉም ማርሹም እሱ ላይ ናቸው። የነዳጅ ታንኩ ግን ቦዲው ላይ ቀርቷል። የመሪውም ዘንግ የሚታሰረው ከዳሽቦርዱ ነው፤ ዳሽቦርዱ ደግሞ ግቢ ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጧል። እናም እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነዳሁ። የአክስቴ ልጅ ቤንዚን ያለበትን ጀሪካን ታቀፈ። አንድ የሰፈር ልጅ የመሪውን ዘንግ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። አጎቴ ከኋላችን በባጃጅ ይከተላል፤ እሱ ክብር ያለው ሰው ነው።

ፒያሳ ስንደርስ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ስኒውን ይዞ ተነሳ። ትራፊኩ ፉጨቱን አፉ ላይ አድርጎ መንፋት ረሳ።

"የቀረው የት አለ?"

"ቤት ነው።"

"ምን ይሠራል?"

"ሊቀባ ነው።"

"ቀበቶ ለምን አላሰርክም?"

"ከምኑ ጋር ላስረው?"

"ታርጋውስ?"

"እሱም ቤት ነው።"

ቅጣቱን ለመጻፍ ደብተሩን አወጣ። የመኪናው ዓይነት የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ቆመ። በመጨረሻ ሞተሩን አስጠፋንና "በግፊ ውሰዱት" ብሎ ለቀቀን። ባጃጁ ሄደ፤ አጎቴም ወርዶ ገፋ። ወለሉ ተበይዶ ሲያልቅም ቤት ድረስ ገፋነው። ሲሄድ ቁልቁለት የነበረው ሲመለስ ዳገት ነው።

ሰፈር ስንደርስ አጥሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ለካ ቀቢው አቧራ እንዳይገባ ብሎ የዕድሩን ድንኳን ግቢው ውስጥ ተክሏል። ቦዲውን ከውስጥ አስቀምጦ ነጭ አቡጀዲ አልብሶታል። አጎቴ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በሰፈሩ አልታየም። እትዬም ገበያ ናት።

ከዚህ በኋላ ያለውን አስቡት። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች ድንኳኑን ሞልተውታል። አንዷ አቡጀዲውን ገልጠው ቦዲውን አቅፈው "ወንድምዓለም! ወንድምዓለም!" ይላሉ። ቀቢው በመካከላቸው እየሮጠ "አትንኩት! በእናታችሁ እጃችሁን አታሳርፉበት!" እያለ ይጮኻል። ሰዉ "ልጁ ነው መሰል፣ ሐዘኑ በረታበት፣ ያዙት" ይላል። ቀቢው እኮ ልክ ነው። የተገፈፈ ብረት ላብና ቅባት ያለበት እጅ ካረፈበት የጣቱን ምልክት ይዞ ይዝጋል።

የዕድሩ ዳኛ ወደ እኔ መጡ። "ጥሩምባው ለምን አልተነፋም?" አሉኝ በቁጣ።

በዚያች ደቂቃ ሟቹ ሻንሲውን እየገፋ በበሩ ገባ።

ቦዲውን ያቀፉት እናት ቀና ብለው አዩት። አማተቡ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው፣ "አንተ የተረገምክ! ንፍሮውን እኮ ጥጄው ነው የመጣሁ!" አሉት። ንፍሮው መጣ፣ ተበላ። ሰዉም ከመጣ አይቀር ቦዲውን አንስቶ ሻንሲው ላይ መልሶ አስቀመጠልን። ለዚህ ሰው በገንዘብ ብንቀጥር ብዙ እናወጣ ነበር። ዳኛው ግን ድንኳን ያለ ሐዘንና ያለ ድግስ በመትከል አጎቴን ቀጡት።

የጣት ምልክቶቹን በድጋሚ ፈግፍገን፣ አጥበን፣ ግራጫውን ፕራይመር፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን፣ አስቀባን። አጎቴ ሲያየው ወደደው። "ይሄው ይበቃል፣ ያምራል" አለ። ቀቢው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ፕራይመር ብቻውን ከተተወ እርጥበት እያስገባ ከስር ብረቱን ያስበላል። አጎቴ "ጥር ላይ ዝናብ የለም" ብሎ ተከራከረ።

እትዬ ከጓዳ "ሰማያዊ!" አለች።

"ሊብሬው ላይ እኮ ነጭ ነው የሚለው" አለ አጎቴ።

"ታዲያ ሄደህ አስቀይራ!"

ትናንት ሄደ። ሠራተኛው "ቀለሙ የሚቀየርበት ምክንያት?" ብሎ ቢጠይቀው፣ አጎቴ ትንሽ አሰበና "ትዳር" አለው። ሠራተኛው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።