ድቡ እስኪመጣ

ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ታድለህ፣ ዓለምን በነጻ ትዞራለህ!» ይለኛል። የዱር እንስሳት ፊልም ቀራጭ ነኝ። መዞሩስ እዞራለሁ። ግን አብዛኛውን ዕድሜዬን አንድ ቦታ ተገትሬ ነው ያሳለፍኩት።

የምኖረው ብሪስቶል ነው። የቢቢሲ የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ከ1957 ጀምሮ እዚህ ስላለ፣ በዚህ ሙያ እንጀራውን የሚበላ ሰው በከተማው ሞልቷል። ሐበሻ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ከሁሉም የከበደኝ ስቫልባርድ ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን ያሉ ደሴቶች ናቸው። በበጋ ፀሐይ ለወራት አትጠልቅም፤ እንቅልፍህን ይዘህ ትዞራለህ። ከመንደር ስትወጣ ነጩ ድብ ሊያጋጥምህ ስለሚችል መሣሪያ የያዘ ሰው አብሮህ ይሄዳል። ድቡን ማሳደድ ግን በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ትጠብቃለህ። እሱም በተራው ይጠብቃል። «ሲል» የምትባለው የባሕር እንስሳ ለመተንፈስ ብቅ የምትልበት የበረዶ ቀዳዳ ዳር ተኝቶ፣ ለሰዓታት ንቅንቅ አይልም።

ብርዱ መጀመሪያ የሚጨርሰው ባትሪህን ነው። ስለዚህ መለዋወጫውን ሸሚዝህ ውስጥ፣ ገላህ ላይ ታሞቀዋለህ። ማታ እኛ ጎጆ ገብተን ምድጃ ስንሞቅ ካሜራው ደጅ ያድራል። ከብርድ ወደ ሙቀት ድንገት ከገባ ሌንሱ ያልበዋል፤ ሲወጣ ደግሞ ያ እርጥበት በረዶ ይሆናል። ጓንት አውልቀህ ብረቱን ከነካህማ ጣትህ ይጣበቃል።

አንድ ፈረንጅ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ባሌ ስንሄድ ቁምጣ ይዞ መጣ። ኢትዮጵያ ሲባል ዳናክል ብቻ ነው የሚታየው መሰለኝ። የባሌው የሰነቴ አምባ እኮ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው! ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታድን ለመቅረጽ ገና በውርጭ ስንወጣ፣ የእኔን ጋቢ ደርቦ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጋቢውን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

የስቫልባርዱ ፊልም ሲወጣ አዲስ አበባ ሄጄ ለእናቴ አሳየኋት። ድቡ ታየና አለፈ።

«ይቺው ናት?» አለችኝ።

«ይቺው ናት እማዬ።»

«አንተስ የታለህ?»

ከካሜራው ኋላ ነኝ ብላት አልተዋጠላትም። መጨረሻ ላይ ስሜ ሲያልፍ አቆምኩላት፤ የእህቴ ልጅ አነበበላት። «እንዲህ በረዶ ላይ ጥለውህ ስምህን ይቺን አሳከሉት?» ብላ ቡናዋን ልትቆላ ተነሳች።