ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ አንቲቦዲ የምትሠሩ ስሙኝ

በማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ላይ የፕሮጄስትሮን ሪሴፕተርን (ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ፕሮቲን) የሚያሳይ አንቲቦዲ፣ ማለትም ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል፣ ደሴ ላይ ሠርተናል። ኮርቼበታለሁ። ግን አንድ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ስንት ናሙና ይተርፍ ነበር!

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ኤ እና ቢ የሚባሉት ሁለቱ የሪሴፕተሩ ዓይነቶች ከሚጋሩት ክፍል አጭር ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) መረጥን። በእሱ ጥንቸል ከተብን፣ ደም ወሰድን፣ አንቲቦዲው ያለበትን የደም ፈሳሽ (ሴረሙን) አጣራን። ፕሮቲኖችን በክብደት በሚለየው ዌስተርን ብሎት 94 እና 116 ኪሎዳልተን አካባቢ ሁለት መስመር ወጣ፤ አንዱ የኤ፣ አንዱ የቢ። የሚጠበቀውም ይኸው ነበር።

ጣጣው የመጣው ስላይዱ፣ ማለትም ስስ የናሙና ቁራጭ የተለጠፈበት መስታወት፣ ላይ ነው። ናሙና እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያስራል፤ አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ይደበቃል። እኛ ጋ የሚመጣው ናሙና ደግሞ ፎርማሊን ውስጥ ብዙ ይቆያል። እስሩን የሚፈታው ሙቀት ነው። መመሪያው «በሲትሬት በፈር (መቀቀያው ፈሳሽ)፣ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ፣ ለ20 ደቂቃ» ይላል። ቀቀልን። ሰማያዊ ኒውክለስ (የሴል አስኳል) ብቻ፤ አንቲቦዲው መያዙን የምታሳይ አንዲት ቡናማ ነጥብ የለም። በፈሩን ቀየርን፤ ያው ነው። የአንቲቦዲውን መጠን ጨመርን፤ ስላይዱ በሙሉ ቆሸሸ። የሥራችን ገምጋሚዎች «አይሠራም፣ ተዉት» አሉ። አንዳቸውም ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይናቸውን አላሳረፉም። እስካሁን ያናድደኛል።

ቴክኒሻናችን «ወላሂ፣ ውሃው እየተንተከተከ ነው እኮ!» አለችኝ። ቴርሞሜትር ከተትን። 92። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ ውሃ ከዚህ በላይ አይሞቅም። እዚህ ባቄላ የቀቀለ ሁሉ ያውቀዋል። መመሪያው ግን ስለ ከፍታ አንዲት መስመር የለውም።

እንፋሎቱን አምቆ ውሃውን ከዚያ በላይ የሚያሞቅ ፕሬዠር ኩከር ይገዛልን አልኩ። ግዥ ክፍል «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የወጥ ቤት ዕቃ ነው። በላብራቶሪ በጀት አይሄድም» አለ። ደብዳቤዬ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። መጨረሻ ላይ ከኪሴ አውጥቼ ፒያሳ ገዛሁ። በዚያው ሳምንት የማህፀን ሽፋኑ እጢዎች ኒውክለሶች ጥርት ያለ ቡናማ ሆነው ወጡ።

ስለዚህ ደጋ ላይ ከሆናችሁ መመሪያውን ተዉና ድስቱን ግዙ። አንቲቦዲውን ከፔፕታይዱ ጋር ቀላቅሎ ቀለሙ መጥፋቱን ማየት ብዙዎች እንደ ማረጋገጫ ይቆጥሩታል፤ እኔ አልቀበለውም። ፔፕታይዱን መያዙን እንጂ ሌላ ፕሮቲን አለመያዙን አያሳይም። ሪሴፕተሩ የሌላቸው ሴሎች ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ቀለም መውጣት የለበትም። የወር አበባ ዑደቱ ቀን ያልተጻፈበትን ናሙናም መልሱ። ከዑደቱ አጋማሽ በኋላ ሪሴፕተሩ ከእጢዎቹ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዙሪያቸው ባለው ደጋፊ ሥጋ (ስትሮማ) ግን ይቆያል። እጢው ባዶ፣ ስትሮማው ቡናማ ከሆነ አንቲቦዲያችሁ ሥራውን እየሠራ ነው።