በሐምሌ ጣርማ በርን መውረድ

አዳማ ላደገ ሰው ክረምት ማለት አቧራው ጋብ የሚልበት ጊዜ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ያባራል፣ ፀሐይዋ ወዲያው ከች ትላለች። መንገዱም ያው የፍጥነት መንገድ ነው፤ ትከፍላለህ፣ ትገባለህ፣ ትለቀዋለህ። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ግን ኮምቦልቻ ለቅሶ ነበረብን። አክስቴን ይዤ ወጣሁ። የሰፈሩ ሰው ምርቃቱን ሲጨርስ «ጣርማ በር ላይ ብቻ ቀስ በል» ይለኝ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን የተራራ መንገድ ማለታቸው ነው።

መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የፊት ፍሬን ሸራዋንና የዝናብ መጥረጊያዋን አስቀይሬ ነው የተነሳሁት።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብዙ የሚወራለት አይደለም። ሸኖ ላይ አክስቴ ለጋ ቅቤ ካልገዛሁ አለች። ገዛች። ከዚያ በኋላ መኪናው ሙሽራ የጫነ ይመስል ቅቤ ቅቤ ሲሸት ሄደ።

ሲመሽ ደብረ ብርሃን አደርን። አዳርም ከተባለ ነው። አልጋ 400 ብር ብለው አስገቡን። ጠዋት ሒሳብ ስጠይቅ 550 ሆኗል። «የሙቅ ውሃ ነው» አለችኝ ልጅቷ። የቱ ሙቅ ውሃ? ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም አደረ እንጂ አንድ ጠብታ አልሰጠኝም። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ በአንዲት ስስ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ ማደሬ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ብከራከርም መቶ ብር ብቻ ቀነሰችልኝ።

አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ከተማውን ወጣ እንዳልን ጉሙ ጀመረ። መጀመሪያ ሜዳው ላይ የተኛ ነበር። ከፍ እያልን ስንሄድ ተነስቶ መንገዱ ላይ መጣ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከምሥራቅ በኩል ሞቃቱ ቆላ አለ። ከዚያ የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙ በረደ ብሎ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ እዚያው ነው የሚኖረው።

መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ የመኪናዬን አፍንጫ እንጂ ሌላ አላይም። ከውስጥ መስታወቱ ላበው። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ እኔ ሙቅ አየሩን ወደ መስታወቱ ለቅቄ መስኮት ትንሽ ከፈት አደረግሁ። ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመስማትም ነው። እንዲህ ባለ ጉም ከፊት የሚመጣ መኪና ከመታየቱ በፊት ይሰማል።

ጠርዝ ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ሹፌሩ ጋቢ ደርቦ ጎማውን በእግሩ ይመታል። ሰላም አልነው። ወደ ኋላ ወንበር አየና «እናት ይዘሃል እንዴ? በል ተከተለኝ» አለ።

«ረዥም መብራት እንዳታበራ» አለኝ። «መልሶ አንተኑ ነው የሚያሳውርህ። አጭሩን ያዝ። ከዋሻው ስንወጣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ከዚያ አትቀይር። ፍሬን ነካ እያደረግህ ልቀቀው እንጂ ተጭነህ እንዳትወርድ፤ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ እምቢ ይላል። ቀዩ መብራቴ ከጠፋብህ አትሩጥ። ክላክስ አድርግ፣ እቆምልሃለሁ።»

እኛ አገር አይሱዙ ማለት በስፖኪዮ ሲመጣ ካየኸው ጥግ የምትይዝለት ነገር ነው። ይሄኛው እንደ ሙሽራ አጃቢ ነበር የሚነዳው።

ዋሻው ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ነው። ሰዉ እስከ ዛሬ የሙሶሊኒ ዋሻ ነው የሚለው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጣሪያው ያንጠባጥባል። አክስቴ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» እያለች ገባች፣ እንደዚያው እያለች ወጣች። ስንወጣ የባሰ ነጭ ነገር ጠበቀን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለት ቀይ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ወደ ግራ ሲሄዱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ወደ ቀኝ። በስተቀኝ ገደል መኖሩን አውቃለሁ፣ ግን አይታይም። ለአክስቴ ይሄ ጥሩ ነበር። አስፋልቱ ላይ ከተራራው የታጠበ ጭቃ አለ። እዚያ ላይ ፍሬን ከያዝክ ጎማው ይንሸራተታል። ሁለተኛ ማርሽ እያጓራ መኪናዋን ያዘልኝ።

አንድ ኩርባ ላይ ሚኒባስ ረዥም መብራቱን ቦግ አድርጎ ሁለታችንንም አልፎን ሄደ። ተሳፋሪ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ሰው ለራሱ ነፍስ ግድ ባይኖረው የራሱ ጉዳይ ነው። አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ እንዲህ የሚያደርገውን ግን መንጃ ፈቃዱን ነጥቆ በግ ማስጠበቅ ነው። አይሱዙው ክላክስ እንኳ አላደረገበትም፤ ዝም ብሎ ፍጥነቱን ቀንሶ አሳለፈው።

ደብረ ሲና ስንገባ ጉሙ ቀደድ ቀደድ አለ። ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ከበቡት። ሹፌሩን ቡና ልጋብዝህ ብለው አሻፈረኝ አለ፤ ጭነቱን ደሴ ከምሳ በፊት ማድረስ አለበት። አክስቴ ግን የሃምሳ ብር ቆሎ ኪሱ ውስጥ በግድ ጨመረችለት። ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጃኬት አወለቅን። ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ወርዷል፤ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር፣ እዚያ ተከፈተ። ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ። ለቅሶውን ደረስን።

ስንመለስ አክስቴ «ያንን ነጭ ነገር ሁለተኛ አላየውም» ብላ እግሯን ተከለች። ስለዚህ በባቲ ወደ ሚሌ ወርደን፣ ከዚያ በገዋኔና በአዋሽ አድርገን ወደ አዳማ። በኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጉም የለም፣ ግመል አለ። ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢም ሲያልፈን በንፋሱ ኮሮላዋን ወደ ጠርዝ ይገፋታል። መሪውን በሁለት እጅ ካልያዙ አይሆንም። ሙቀቱ ቅቤ አቅላጭ ነው፤ ደግነቱ ቅቤው ለቅሶ ቤት ቀርቷል።

ገዋኔ አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማ ቀይሬ ቀጣዩ ከተማ ላይ ጎሚስታ አገኘሁ። ሁለት መቶ ብር አለኝ። ከደብረ ብርሃኗ ልጅ ጋር ስከራከር ያየችኝ አክስቴ «ክፈለውና እንሂድ» አለች። ከፈልኩ።